በዘጠኝ ሰዓት የሚጠየቀው ፋይል

የምስክርነት ቃል
ስም፦ በመዝገቡ ሽፋን ላይ የሰፈረ
ዕድሜ፦ 61
የትምህርት ደረጃ፦ ስድስተኛ ክፍል
ሥራ፦ መጽሐፍ ጠራዥ
የጋብቻ ሁኔታ፦ ሚስቱ የሞተችበት
አድራሻ፦ ከማተሚያ ቤቱ ጀርባ ያለው ቤት፣ ላይኛው ፎቅ
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ረቡዕ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል

እኔ ከላይ የተገለጽሁት ግለሰብ፣ የሟች ባለቤቴ ታናሽ እህት «እህቴ እርዳታ ስትጠይቀው ዝም ብሏታል» ስትል ባመለከተችው ጉዳይ የማውቀውን ተጠይቄ፣ ማንም ሳያስገድደኝ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ።

ባለቤቴ የቢሮ ጸሐፊ ነበረች። ከሞተች ስምንት ወር ሆኗታል። መሥሪያ ቤቷ ሲያስወግደው ወደ ቤት ያመጣችው፣ ሊኑክስ የሚባል ሥርዓት የተጫነበት ኮምፒውተር በክፍሏ አለ። ታች ቤት የምትኖረው እህቷ «ጋሼ፣ የእትዬን ፎቶዎች በስልኬ የማይበት ዘዴ ይፈልጉልኝ» እያለች ስትወተውተኝ፣ ኮምፒውተር ጠጋኙን አማከርሁ። ሰርቨር ይጫኑበት አለኝ። ምንነቱን ስጠይቀው «አስተናጋጅ ይበሉት ጋሼ። የተጠየቀውን ፋይል ያቀርባል፣ ከሌለ የለም ይላል» ብሎ ለጀማሪ የተዘጋጀ አራት ገጽ ወረቀት ሰጠኝ።

ባለፈው ሳምንት ሰኞ ጠዋት ትእዛዞቹን ከወረቀቱ እያየሁ በአንድ ጣት ጻፍሁ። የይለፍ ቃሉ ሲጻፍ ስለማይታይ ሦስት ጊዜ ተሳሳትሁ። በኋላ ሰርቨሩ መሥራቱን የሚገልጽ ገጽ ሲወጣ ተመስገን አልሁ። ሆኖም ለእይታ የሚቀርበውን ፎልደር አድራሻ ስመዘግብ እስከ ፎቶዎቹ ፎልደር መዝለቅ ሲገባኝ፣ ሁሉን በያዘው፣ በባለቤቴ ስም በተሰየመው ፎልደር ላይ አቆምሁ። በዚህ ስሕተት ፎቶዎቹ ብቻ ሳይሆኑ የጻፈችው ሁሉ ተከፈተ።

እሑድ ዕለት እህቷ «ለእህቴ» የሚል ፋይል አገኘች። ባለቤቴ በሞተችበት ቀን የተጻፈ ነው። «ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ደረቴን ጨምድዶ ይዞኛል። ሐኪም ቤት እንሂድ ብዬ ጠራሁት፤ እየጸለየ ነው። መልሱን እየጠበቅሁ ነው» ይላል። እህቷ ደረጃውን በሩጫ ወጥታ «አንተ! ሰምተሃታል ወይስ አልሰማሃትም?» አለችኝ። ከዚያ በፊት አንተ ብላኝ አታውቅም።

ሰርቨሩ ማን ምን እንደጠየቀው የሚጽፍበት መዝገብ አለው። ሰኞ ስከፍተው የእህቷ ስልክ ከገባበት መስመር ሌላ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በየቀኑ ልክ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንድ መስመር አገኘሁ። የተጠየቀው ፋይል ስም «መልስ» ነው። አጠገቡ 404 ይላል፤ ወረቀቱ እንደሚያስረዳው የተጠየቀው አልተገኘም ማለት ነው። የጠያቂው ቁጥር 127.0.0.1 ነው። ጠጋኙ ሲያየው «ይሄ ከውጭ አይደለም ጋሼ፤ ከዚሁ ከማሽኑ ነው» አለ። በሥራ ቀናት በእነዚያ ሰዓታት እኔ ሥራ ላይ ነበርሁ፤ የክፍሉም ቁልፍ ከኪሴ አይወጣም።

ትናንት ማክሰኞ ጠጋኙ በሰዓቱ የሚነሣ ትእዛዝ ይኖር እንደሆነ ፈትሾ አጣ። የኔትዎርኩን ገመድም ነቀለ። ሁለታችንም እጃችንን ጉልበታችን ላይ አድርገን ጠበቅን። ዘጠኝ ሲሞላ መስመሩ ተጻፈ። ቫይረስ ይሆን ወይ አልሁት። «ቫይረስ እንዲህ ሰዓት አያከብርም» ብሎ ሊስቅ ሞከረና ተነሣ። የመፍቻ ቦርሳውን ረስቶ ሄደ፤ እስካሁን አልወሰደውም።

ባለቤቴ ስትጠራኝ ሰምቼ እንደሆነ ለተጠየቅሁት፦ አዎ፣ ሰምቻለሁ። ስጸልይ ማንም እንዳያናግረኝ ቤቱን ያስለመድሁት እኔ ነኝ። ከክፍሏ ሆና ሁለት ጊዜ ጠራችኝ። ቆዪ ለማለት እጄን አነሣሁ፤ በሩ ክፍት ቢሆንም ጀርባዋን ሰጥታኝ ስለነበር አላየችውም። ስጨርስ ዘጠኝ ከሃያ ነበር። ኮምፒውተሩ ፊት ተደፍታ አገኘኋት። ፈጣሪዬ ዝም በላት እንዳላለኝ አውቃለሁ። ለሰዉ ሁሉ ግን ድንገት ነው፣ ድምፅም አላሰማች ስል ከርሜአለሁ።

ይህን የተናገርሁት ምሕረት ፈልጌ አይደለም። የምጠይቀው የዚህን ቃል አንድ ቅጂ ነው። ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ቤት ደርሼ በኮምፒውተሩ እጽፈዋለሁ፤ ስሙን «መልስ» ብዬ ከደብዳቤዋ አጠገብ አስቀምጠዋለሁ።

ቃሌ ሲነበብልኝ የሰማሁት እኔ የተናገርሁትን ነው፤ እውነት ስለመሆኑ ፈርሜአለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ተፈርሟል
የመርማሪው ፊርማ፦ ተፈርሟል

የመርማሪው ማስታወሻ፦ ቅጂው ስምንት ሰዓት ከሃያ ላይ ተሰጥቶታል። ተቀብሎ በሩጫ ወጥቷል።