ብርድ ነው ያልነው የይሁኔ ሕመም

የተከበራችሁ ካህናት አባቶቼ፣ ሸሆቻችን፣ ከዋጃም ከጎብዬም ሥራችሁን ጥላችሁ የደረሳችሁ ዘመድ አዝማድ፣ እናቶቼ፣ እህቶቼ፤ ስለመጣችሁ አላህ ይስጥልኝ። ኢብሮ ነኝ። የማታውቁኝ ካላችሁ፣ የኔና የይሁኔ ማሳ ድንበርተኛ ነው፤ ጎርፍ የምንጠልፈውም ከአንድ ቦይ ነው። ተናገር ስላላችሁኝ ቆሜያለሁ። ደግ ነበር፣ ጨዋ ነበር ብዬ የምቀመጥ መስሏችሁ ከሆነ ግን ተሳስታችኋል። ደግነቱንማ ማን ያጣዋል? እኔ ዛሬ ተናድጃለሁ።

ይሁኔን ምን ገደለው? ከጠዋት ጀምሮ ስጠይቅ የማገኘው መልስ አንድ ነው። ብርድ ነው ትላላችሁ።

እስቲ ቀና በሉ። እስቲ ይህን ፀሐይ እዩት። ካህናቱ ጥላ ይዘው እንኳ ያልባቸዋል። የቱ ብርድ ነው? ቆቦ ላይ፣ በዚህ ሐሩር፣ ሰው በብርድ ሞተ ይባላል? ጣቱ ሲያብጥ ብርድ ነው አልን። ጉልበቱ ሲያብጥ ብርድ ነው አልን። ጠዋት ጠዋት ሰውነቱ ደርቆ ከአልጋው መነሳት ሲያቅተው፣ ጎርፍ ውስጥ ሲቆም የገባበት ብርድ ነው አልን። ደረቱን ሲይዘውስ? እሱም ብርድ ሆነ።

ባለፈው ክረምት ጎርፉ የወረደ ዕለት አብራችሁን ነበራችሁ። ይሁኔ የውሃ አባታችን ነው፤ ውሃው ወደ ማን ማሳ እንደሚዞር የሚፈርደው እሱ ነው። እሱ ከሌለ በአካፋ ልንፈላለጥ እንደምንችል ሁላችንም እናውቃለን። የዚያን ዕለት ጣቶቹ ተቆልምመው አካፋ አልጨብጥ አሉት። ምን አደረገ? የአካፋውን እጀታ ከመዳፉ ጋር በጨርቅ አሳስሮ ገባ። ተው ስለው፣ ጎርፉ እጄ እስኪድን ይጠብቀኛል ወይ አለኝ። እናንተ ምን አላችሁት? ወንድ ማለት እንዲህ ነው አላችሁት። እሱም አመነ።

ጎትቼ ሆስፒታል ወሰድኩት። ሐኪሟ ልጅ እግር ናት። ጣቶቹን አገላብጣ አየች፣ ደሙን አስመረመረች፣ ቀጥላ ደረቱን ታዳምጥ ጀመር። ይሁኔ ወደኔ ዞረና፣ «እኔ ያሳየኋት እጄን፣ እሷ የምትፈልገው ልቤን» አለኝ። ሳቅን። እሷ አልሳቀችም። ጣትህን የሚያሳብጠው በሽታ ጣትህ ላይ ብቻ አይቀመጥም አለችው፤ የልብህን የደም ሥሮችም ይጎዳል። እንዲህ ያለ የመገጣጠሚያ ሕመም ያለበትን ሰው ከሌላው ይልቅ ልቡ ድንገት ሊጥለው ይችላል። መድኃኒቱን ሳልነግርህ አታቁም። ደረትህን ከጨመቀህ፣ ሕመሙ ወደ ክንድህ ወይ ወደ መንገጭላህ ከሄደ፣ ቁርጥማቴ ነው ብለህ እንዳትተኛ፣ ቶሎ ና አለችው። እኔ በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ።

መድኃኒቱን ዋጠ። እብጠቱ ጎደለ። ጎደለና መድኃኒቱን እርግፍ አድርጎ ተወው። ምነው ስለው፣ ጤነኛ ሰው ኪኒን ይውጣል እንዴ አለኝ። ስንቴ ተጣላን? ስንቴ ደጁ ላይ ቆሜ ጮኽኩ? እህቱ ታንጉት ምስክሬ ናት።

ትናንት እኔ ዋጃ ነበርኩ። ይሁኔ ማሽላ ማሳው ውስጥ ሳለ ግራ ክንዱን ያዘው፣ ደረቱ ከበደው። እየተጎተተ ቤቱ ገባ። ጎረቤት ተሰበሰበ። ቁርጥማቱ ተነሳበት ተባለ። በቅቤ ታሸ። በሩ ተዘጋ። በጋቢ ላይ ጋቢ ተደረበ፤ ያውም በእኩለ ቀን። ከዚያ ላብ አጠመቀው። ይሄኔ ምን ተባለ መሰላችሁ? «እሰይ፣ ብርዱ ወጣለት» ተባለ። የነገረችኝ ጎረቤቱ ማሚቴ ናት፤ እያለቀሰች ነው የነገረችኝ። ልቡ ሲደክም የወጣውን ላብ አይታችሁ ደስ አላችሁ። ሆስፒታል የሚያደርሰው ባጃጅ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ሹፌሩም እውስጥ ገብቶ ጋቢ ያለብሳል።

አልወቅሳችሁም ልል ነበር። ውሸቴን ነው፣ እወቅሳችኋለሁ። ወዳችሁት ነው ያለበሳችሁት፤ የሚያናድደኝም እሱ ነው። ጠላት ቢያደርገው ይገባኝ ነበር።

ታንጉት፣ እህቴ። እጅሽን ነጠላሽ ሥር ደብቀሽ እንደቆምሽ አይቻለሁ። ጣቶችሽ እንደ ወንድምሽ ጣቶች አብጠዋል። ምንም አይደለም፣ ብርድ ነው ልትዪኝ ነው። አትበዪኝ። የወንድምሽ ልብ ምን እንደሆነ አይተሻል፤ ያንቺን ቁጭ ብዬ አልጠብቅም።

እናንተንም ልንገራችሁ። ነገ ጠዋት ሐኪም ዘንድ ይዣት እሄዳለሁ። አውቃለሁ፣ ሰልስቱ ሳይወጣ ሐዘንተኛ ከደጅ አይወጣም። ወንድሟ ሳይቀዘቅዝ መንገድ ወጣች ትላላችሁ። በሉ። እስላሙ ኢብሮ የክርስቲያን ለቅሶ አፈረሰ በሉ፤ ያንንም እችለዋለሁ። እሷ ደረቴን ወይም ክንዴን ያለች ቀን ግን ጋቢ ይዞ የሚመጣ ሰው በሩ ላይ እኔን ያገኛል።

ይሁኔ፣ ወንድሜ። አንተን መክሬ መክሬ አቃተኝ። አሁን አትመልስልኝም፤ እስከ ዛሬ ስንከራከር ዝም ስትለኝ የመጀመሪያህ ነው። ነፍስህን ይማር። ልጆችህን አብሽሩ እላቸዋለሁ፣ ውሃህንም በፍርድ እንካፈላለን። አንድ ነገር ብቻ አስቸግርሃለሁ። እህትህ ነገ ለቅሶህን ትታ ልትወጣ ነው፤ አንተ እንዳትቀየማት። ደህና ሁን።