ባለማሰሪያዋ ወንበር

አናጢው በገዛ እጁ የሠራትን ትንሽ ባለማሰሪያ ወንበር በብብቱ ሸጉጦ ወደ ቤቱ ሲያዘግም፣ ጤና ጣቢያው በር ላይ ከአዋላጇ ነርስ ጋር ግንባር ለግንባር ተገጣጠመ። ምራቱን ያዋለደቻት እሷ ናት።

«አባባ፣ እንደምን ዋሉ? ወንበሯ ለማን ናት?»

«ለዚያ ለልፍስፍሱ የልጅ ልጄ ነዋ! ሰባት ወር ሞልቶት፣ ሲያስቀምጡት እንደ ጆንያ ይዘረጋል። የጎረቤቱ እኩያው ቁጭ ብሎ ያጨበጭባል። አስሬ አስቀምጠዋለሁ፤ ወገቡ ይጠናል።»

«እናቱስ? ሁለት ቀጠሮ ቀረችብን እኮ።»

አናጢው ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዳ ፊት ‹ወተትሽ ውሃ ነው› ብያት ነበር። ከዚያ ወዲህ ልጁን ይዛ ከደጅ አትወጣም።» ቀልድ አስመስሎ ነበር የጀመረው፤ ነርሷ ግን አልሳቀችም።

«ልጁ በስንት ወሩ ነው የተወለደው?»

«በሰባት ወሩ ነዋ፤ ራስሽ ታውቂ የለ!»

«እንግዲያው ዕድሜውን ከየት ይለካሉ? የመጨረሻዎቹ ሁለት ወራት እኮ ዝም ብለው የሚያልፉ አይደሉም። ፅንሱ ስብ የሚያጠራቅመው፣ ሳንባው የሚጠነክረው፣ አንጎሉ የሚያድገው ያኔ ነው። የጎረቤቱ ልጅ ይህን ሁሉ ማኅፀን ውስጥ ጨረሰ፤ የእርስዎ ውጭ ሆኖ እየጨረሰ ነው። እድገቱን ሲመዝኑ ሁለት ወር ይቀንሱ፤ አምስት ይሆናል። በአምስት ወሩ ሳይደገፍ የሚቀመጥ ልጅ ስንት አለ?»

«እሺ፣ ቢታሰርስ ምን ይጎዳዋል? ቶሎ ይለምዳል!»

«ልጅ ከላይ ወደ ታች ነው የሚጠናው፤ መጀመሪያ አንገቱ፣ ቀጥሎ ጀርባው፣ ከዚያ ወገቡ። ነቅቶ ሳለ፣ ሰው እያየው፣ ምንጣፍ ላይ በሆዱ ሲፍጨረጨር ነው የሚበረታው፤ ታስሮ አይደለም። ለመሆኑ አባባ፣ ቸኩሎ በር ላዘዘዎት ሰው በእርጥብ እንጨት ይሠሩለታል?»

«ምን በወጣኝ! ይጣመምብኛል። ‹ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል› ብዬ ነው የምመልሰው።»

ተናግሮ ሳይጨርስ ቃሉ ወደ ራሱ ዞረበት። አርባ ዓመት ሙሉ ደንበኛን ሲያስታግስ የኖረ ሰው፣ የገዛ ደሙን ሁለት ወር መታገሥ አቅቶታል። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

«ወተቷስ?» አለ በዝግታ።

«ወተቷ ምንም አልሆነም፤ ልጁ ቀጠሮ እስከቀረበት ቀን ድረስ ክብደት ሲጨምር የነበረው በሱ ነው። በእውነት የዘገየ ልጅ ቢኖር እንኳ፣ ቶሎ ከመጣ እንረዳዋለን። ከተደበቀ ግን ማን ያየዋል?»

የማያውቁትን መጠየቅ ለሽማግሌ ነውር አይደለም፤ ነውሩ ሳያውቁ መፍረድ ነው።

ቤት ሲደርስ ምራቱ እንደ ልማዷ ልጁን በብርድ ልብስ ሸፈነችው። አናጢው የወንበሯን ማሰሪያ በጉጠት ነቅሎ ቁምሳጥን ላይ ሰቀላት። «ልጄ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፤ ይቅር በይኝ» አላት ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ። እሷም ብርድ ልብሱን ይበልጥ ሳበችበት።

ሰኞ፣ ጤና ጣቢያው ወረፋ ላይ ልጁን ያቀፈው እሱ ነበር። አንዲት እናት «ስንት ወሩ ነው?» ብትል ምራቱ አንገቷን ደፋች። አናጢው ያቺን የተደፋች አንገት ሲያይ የገዛ አፉ ሥራ መሆኗን ዐወቀና እፍረቱ እንደገና አቃጠለው።

«ከተወለደ ሰባት፤ በቀኑ ቢወለድ ኖሮ አምስት» አለ፣ ወረፋው ሁሉ እንዲሰማ። «እሱስ በጊዜው ነው። የዘገየሁት እኔ አያቱ ነኝ።»

ምራቱም ብርድ ልብሱን ከልጁ ፊት ላይ ገለጠች።