ቃሬዛ ላይ ተጋድሜ

መቐለ ለሥራ በመጣሁ ሰሞን ነው፤ ሰሜን ክፍለ ከተማ ብቻዬን ተከራይቼ እኖር ነበር። አንድ ቅዳሜ፣ ሰፈሬ ያለ ብየዳ ቤት ደጃፍ ላይ ከተራራ መንደር የመጡ ሰዎች ተሰብስበው አየሁ። የሚያሠሩት ቃሬዛ ከሥሩ አንድ የሞተር ሳይክል ጎማ አለው። መንገዳቸው ጠባብ የገደል መንገድ ስለሆነ፣ ምጥ የያዛትን ሴት በሸክም ማውረድ ሲያቅታቸው ተመካክረው ያገኙት ዘዴ ነው።

"ሓፍተይ፣ እስቲ ተኚልንና እንሞክረው" አለኝ አንዱ፣ እህቴ ማለቱ ነው። እየሳቅኩ ተጋደምኩ። ሁለት ወንዶች ከፊትና ከኋላ ይዘው በኮረኮንቹ ላይ ይገፉኝ ጀመር። አብረዋቸው የመጡ አንዲት እናት በነጠላቸው ሸፈኑኝና እጄን ይዘው ከጎኔ ይራመዱ ጀመር። ሰው እጄን ከያዘኝ ስንት ጊዜ ሆኖኝ ነበር! ሳላስበው ዕንባዬ መጣ።

"አመመሽ እንዴ ጓለይ?" አሉኝ እንደ ልጃቸው።

"ኧረ ደኅና ነኝ፣ አደይ።"

"እኛ አገር ሰው ሲታመም ደጅ ወጥተን እንጮኻለን፤ መንደሩ ነቅሎ ይመጣል። አንቺ ብትታመሚ ማንን ትጠሪያለሽ?"

ከቤቴ ግድግዳ ወዲያ ስታስል የምሰማት ጎረቤት አለችኝ፤ ስሟን እንኳ አላውቅም።

ሙከራው ሲያልቅ ቃሬዛቸውን አይሱዙ ላይ ጭነው ሄዱ። እኔም ወደ ቤቴ ተመለስኩ፤ ግን የራሴን በር አልፌ የጎረቤቴን አንኳኳሁ። በሩን ከፍታ ግራ በመጋባት አየችኝ።

"ምን ፈልገሽ ነው?"

"ምንም። ስሜን ልነግርሽ ነው የመጣሁት።"