የልጄን ጥርስ የበላው የናዝሬት ውሃ አልነበረም

ስሙኝማ! በደርግ ጊዜ ናዝሬት ውስጥ የቀበሌ ሱቅ ስኳር አዳይ ነበርኩ። የሁለት ዓመቷ ልጄ የፊት ጥርሶቿ ጠቁረው መሸራረፍ ሲጀምሩ አቅፌያት ጤና ጣቢያ በረርኩ። ገና ሳልቀመጥ፣ «ሲስተር፣ ይሄ የናዝሬት ውሃ የልጄን ጥርስ ጨረሰው!» ብዬ ጮህኩ። ሸምገል ያሉት ነርስ ሳቁና አፋቸውን ከፈቱልኝ። ጥርሳቸው ቡናማ ነው፤ ግን አንድም የተበላ የለም! «እኔ እዚሁ አጠገባችን ወንጂ ነው ያደግሁት። የዚህ አካባቢ ውሃ ጥርስ ያበልዛል እንጂ እንዲህ አይሸራርፍም። ለመሆኑ ይቺ ልጅ ምን ይዛ ነው የምትተኛው?»

«ጡጦ ነዋ! ስኳር በውሃ በጥብጬ አፏ ላይ ሳደርግላት ጸጥ ትላለች» አልኩ፣ በኩራት።

«በቃ፣ እሱ ነው! ጥርሷ ስኳር ውስጥ ተዘፍዝፎ ያድራላ!»

ክው አልኩ። ያኔ ስኳር በራሽን ነው፤ ጡጦ የሚጠባ ልጅ ላላቸው እናቶች ደግሞ፣ «ይቺ ለጡጦው» እያልኩ ከሚዛኑ በላይ ጣል የማደርግላቸው እኔው ነኝ! ስንቷ መርቃኛለች! ይህንኑ ስናዘዝ ሲስተር ሳቃቸውን ዋጥ አደረጉና፣ «በል ተነስ» አሉኝ፤ «የመረቁህን እናቶች በሙሉ ከነልጆቻቸው ይዘህልኝ ና!»