ሁሉም ቤት ሁለት በግ ያለበት መንደር

ከመካነ ሰላም ወደ ወግዲ በሚወስደው መንገድ ዳር አለምነው የሚባል የስታቲስቲክስ ተማሪ ሚኒባስ ሲጠብቅ፣ የአባቱ የገበያ ወዳጅ የሆኑት የበግ ነጋዴው ጋሽ ረመዳን ደረሱበት። ልጁ በትምህርቱ እሳት ነው። ዩኒቨርሲቲው ለተመራቂዎች የተግባቦት ሥልጠና ሲሰጥ ግን፣ «ለወሬ ደግሞ ምን ሥልጠና ያስፈልጋል?» ብሎ ቀርቷል። አሁን አንድ የበግ እርባታ ፕሮጀክት ከተመራቂዎቹ አንድ መረጃ ሰብሳቢ ሊቀጥር ነው። ፈተናው የአሥራ አምስት ቤት መጠይቅ ሞልቶ ሰኞ ማስረከብ ነበር።

«አሰላሙ አለይኩም ልጄ! እንዲህ ያስተከዘህ ኸይር ነው?»

«ወአለይኩም ሰላም፣ እንዴት ዋሉ ጋሽ ረመዳን? ሥራዬን ጨርሻለሁ፤ ግን አላማረኝም። አሥራ አምስት ቤት ጠየቅሁ፤ አሥራ አምስቱም ‹ሁለት በግ አለን› አሉ።»

ሽማግሌው እስኪያስላቸው ሳቁ። «በግ አርቢው አራጌም ‹ሁለት› ብሎ ነገረህ?»

«አዎ፣ ሁለት።»

«ወላሂ፣ ለገና ዘጠኝ ሙክት የገዛሁት ከሱ ደጅ ነው! ለመሆኑ ምን ብለህ ጠየቅኸው?»

«‹የቤተሰብ ብዛት? የበግ ብዛት? የፍየል ብዛት?› ብዬ ነዋ! በአንድ ቤት ስድስት ደቂቃ ብቻ ነው የፈጀብኝ» አለ፤ ትንሽ ኩራትም አልጠፋበትም።

«ቆመህ? ማን እንደላከህ ሳትናገር?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና ጋሼ፣ እኔ የተማርሁት ስሌት ነው። የሚቀጥሩኝም በውጤቴ እንጂ በጨዋታዬ አይደለም። ሰው ከዋሸ ጥፋቱ የራሱ ነው።»

«ተው ልጄ። ወረቀት ይዞ በር ላይ ቆሞ ከብት የሚቆጥር ሰው ለግብር የመጣ ነው የሚመስለው። አንተ የመጣኸው ለምን ነበር?»

«ስንት ክትባት እንደሚያስፈልግ ለማወቅ።»

«ይህንን ነገርካቸው?»

አለምነው ወረቀቱን አገላብጦ አየ። መጠይቁ ላይ አልተጻፈማ!

አይፈረድበትም፤ ጨዋ ልጅ ነው። እንደ እሱ ያሉ ብዙ ልጆች ግን ከቤታቸው የተማሩት ሰላምታና ትዕግሥት ለሰርግና ለለቅሶ ብቻ የሚሆን ይመስላቸዋል። ሥራ ላይ ያስፈልጋል ሲባሉ ይስቃሉ።

«እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጋሉ?» አለ ቀስ ብሎ።

«እኔማ ቁጭ እላለሁ። ጉዳዬን እናገራለሁ፤ ከዚያ አዳምጣለሁ። ፊደል አልቆጠርሁም፤ ሠላሳ ዓመት የነገድሁት ግን ሰው እየሰማሁ ነው። አብሽር፣ ገና ቅዳሜ ነው፤ አብረን እንመለስ።»

ሚኒባሱ መጣ፤ አለምነው ሳይሳፈር አሳለፈውና ከጋሽ ረመዳን ጋር ወደ አራጌ ቤት ተመለሰ።

አራጌ ልጁን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ። «ደግሞ ምን ቀረ?»

«አጥፍቼ ነው የተመለስሁት፣ ጋሽ አራጌ። ጠዋት የመጣሁበትን ሳልነግርዎ በር ላይ አጣደፍሁዎ። ፕሮጀክቱ ለበጎች ክትባት ሊያመጣ ነው፤ የሚያመጣውም በምንሰበስበው ቁጥር ልክ ነው። በጎቹ እንዴት ናቸው?»

ይህን ብሎ መደቡ ላይ ተቀመጠና ጠበቀ። ወረቀቱን ከቦርሳው አላወጣም። ዝም ብሎ መጠበቁ ከተማረው ስሌት ሁሉ ከበደው።

«ሃያ ሦስት ነበሩ» አለ አራጌ በመጨረሻ። «ከጥር ወዲህ ሰባቱን ሳል ጨረሰብኝ። ያረገዙት ናቸው የሞቱት።»

አለምነው በልቡ ቆጠረ። በእሱ ወረቀት ላይ ያለቁት ሰባት በጎች የሉም፤ ከተረፉት አሥራ ስድስቱም አሥራ አራቱ የሉም። ወረቀቱን እንዳለ ቢያስረክብ ኖሮ እነዚያ አሥራ አራቱ ያለ ክትባት መቅረታቸው ነበር።

«ይህን ጠዋት ብትለን ምን ነበረበት?» አለ አራጌ፤ ድምፁ ቁጣ ሳይሆን ሐዘን ነበረበት። ከዚያ ወጥቶ ጎረቤቶቹን ተጣራ። «ኑ! ይሄ ልጅ የኛው ነው፤ እውነቱን ንገሩት!»

አለምነው እሑድን ሙሉ ከቤት ቤት ሲቀመጥ፣ ሲሰማና ሲጽፍ ዋለ። ሰኞ የፕሮጀክቱ ኃላፊ ማርያማዊት ፊት ሁለት ጥራዝ ወረቀት አኖረ።

«ለምን ሁለት ሆነ?» አለችው።

«የመጀመሪያው ስሕተት ነው። ሰዎቹ አልበደሉም፤ እኔ አጠያየቅ አላወቅሁበትም። ከእኔ በኋላ የሚሄድ ሰው እንዳይደግመው ብዬ ነው ያመጣሁት።»

ማርያማዊት ሁለቱንም ጥራዞች ገልጣ ገልጣ አየች። «ስሌት የሚችሉ ስምንት አመልካቾች አሉኝ» አለች። «ሌሎቹ ሰባቱ እንዳንተ የመጀመሪያ ጥራዝ ያለ ነው ያመጡልኝ። ተመልሶ ሄዶ የጠየቀ ግን አንተ ብቻ ነህ። ከነገ ጀምሮ ና።»

ተመራቂ ልጆች ሆይ፣ ቁጥር ማወቅ መልካም ነው፤ ሥራ ፈላጊ ሁሉ ይዞት ይመጣል። ቀጣሪ አጥብቆ የሚፈልገው ግን ጉዳዩን አስረድቶ መጠየቅ፣ ታግሦ መስማትና «አጥፍቻለሁ» ማለት የሚችለውን ሰው ነው። ይህን ቢማሩት ከማዕረግ አያጎድልም፤ እንጀራም ያስገኛል፤ የጎረቤትን ከብትም ያድናል። በሰኔ ክትባቱ መንደሩ ሲገባ፣ አራጌ በጎቹን አንድ በአንድ ከበረቱ እያወጣ ለሐኪሙ ያዘ፤ አሥራ ስድስቱም ተከተቡ።