ጋሽ ልክ ሲኒማ የገቡ ዕለት

ዛሬ ያየሁትን ሳልናገር ባድር እንቅልፍ አይወስደኝም።

በሰፈራችን ሲኒማ ቤት ቅዳሜ ከሰዓት የካርቱን ፊልም ይታያል። አንድ የቆየ ልማድም አለን። ወላጅ ልጁን እስከ አዳራሹ በር አድርሶ ለአስተናጋጇ ያስረክብና፣ መተላለፊያው ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ተደርድሮ ያንቀላፋል። ትልቅ ሰው ካርቱን ሊያይ ሲገባ ታይቶ አይታወቅም። እኔም የእህቴን ልጆች አስገብቼ ጋዜጣዬን ዘርግቻለሁ።

አጠገቤ ልብስ ሰፊው ጋሽ ልክ ነበሩ። ስማቸው ሌላ ነው። የሰውን ትከሻ በዐይናቸው ስለሚለኩና በነገሩ ሁሉ «ሁሉም በልኩ» ስለሚሉ ሰፈሩ እንዲህ ብሎ አወጣላቸው። ሜትራቸውን ቅዳሜም ከአንገታቸው አያወርዱም። የልጅ ልጃቸው ፈንዲሻዋን እንዳቀፈች ከፊታቸው ቆማለች።

«ብቻዬን አልገባም» አለች።

«ምነው? ሁልጊዜ ትገቢ የለ እንዴ?»

መሬት መሬቱን አየች። በዚህ መሐል በጤና ጣቢያችን የምትሠራው ወጣት ነርስ ትኬቷን ይዛ መጣች።

«እንደምን ዋሉ ጋሼ?»

«ይመስገን ልጄ። ልጅሽን አስገባሻት?»

«ልጅ የለኝም እኮ።»

«ታዲያ የማንን ልጅ አምጥተሽ ነው?»

«ራሴን ነው ያመጣሁት» ብላ ሳቀች።

ጋሽ ልክ ወደ እኔ ዞሩ። «መምህር፣ ይሰማሉ? ሰው የምታክም ልጅ፣ የስዕል እንስሳ ሲሯሯጥ ልታይ።»

«ባይ ነውር አለው ጋሼ?»

«ነውር አላልኩም። ሁሉም በልኩ ነው ያልኩት። የዚችን ቀሚስ አንቺን ላልብስሽ ብል ይተረተራል። ልጅ የልጁን ይይ፣ አዋቂም ያዋቂውን።»

ክርክሩ ጣመኝና ጋዜጣዬን አጠፍኩ። ነርሷም ለመርታት የቸኮለች አትመስልም፤ ተረጋግታ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«በሙያዎ ልጠይቅዎ። የልጅ ቀሚስ ሲሰፉ ጫፉን እንዴት ያደርጉታል?»

«ወደ ውስጥ ሰፋ አድርጌ አጥፌ ነዋ። ልጅቱ ስትረዝም እጥፋቱ እየተፈታ ይረዝምላታል።»

«ጥሩ ካርቱንም እንደዚያ ነው። የሚሠሩት ትልልቅ ሰዎች ናቸው። ወልደው ያሳደጉ፣ ሰው የናፈቃቸው፣ የቀበሩም አሉ። ያን ሁሉ ወደ ውስጥ አጥፈው ይሰፉበታል። ልጅ ላዩን አይቶ ይስቃል፤ እኔ ደግሞ እጥፋቱን እፈታለሁ።»

«አፍሽስ ተባርኳል። ግን ለእኔ ምን ይረባኛል?»

ነርሷ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ትንሿ ከፊልሙ ስትወጣ ምን ትባባላላችሁ?»

የሽማግሌው ፊት ጠቆረ። ልጅቱ እንዳትሰማ ወደ ነርሷ ጠጋ አሉ። «እናቷ ለሥራ ሩቅ ከሄደች ወዲህ ከእኔ ጋር ናት። ‹እንዴት ነበር?› እላታለሁ፤ ‹ጥሩ› ትለኛለች። አለቀ። እስከ ቤት ዝም፣ ቤትም ዝም። እኔ መርፌዬን ይዤ፣ እሷ መስኮቷን ይዛ። እንዲህ እያለች እንግዳ እንዳትሆንብኝ ፈርቻለሁ።»

«ያላዩትን ምን ብላ ታጫውትዎ ጋሼ?»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ጋሽ ልክ ግን ሞኝ አይደሉም። ተነሡና የልጅቱን እጅ ያዙ። «ነይ እስቲ። እንቅልፍ ከወሰደኝ ቀስቅሺኝ» አሏት። እኔስ ምን እጠብቃለሁ? ተከተልኳቸው።

ፊልሙ ሴት ልጁ ርቃ ስለሄደች የልጅ ልጁን፣ ትንሿን ግልገል፣ ብቻውን ስለሚያሳድግ ባርኔጣ ሻጭ ዝሆን ነው። ጋሽ ልክ መጀመሪያ ያዩት ኮቱን ብቻ ነበር። «ትከሻው ላይ ይጠበዋል» ሲሉ ከኋላ ያሉት ልጆች ዝም በሉ አሏቸው። ከዚያ ዝሆኑ ራት ሲያቀርብ ተሳስቶ ለሄደችው ልጁም ሳህን አስቀመጠ። ግልገሏ ባዶውን ወንበር እንዳታይ ብሎ የገዛ ጆሮውን እየረገጠ ይወድቅ ጀመር። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ጋሽ ልክም ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን መሐል ላይ ተቋረጠ። በሜትራቸው ጫፍ ዐይናቸውን ሲጠርጉ አየሁ። ነርሷ በክርኗ ነካ አደረገችኝ፤ እኔም እንባዬ ቀርቦ ነበርና ዞር አላልኩም።

ስንወጣ ሽማግሌው «እንዴት ነበር?» አላሉም። «ያ ኮት ግን ጠቦታል» አሉ።

ልጅቱ ቀና አለች። «ኮቱ አልጠበበም። እሱ ነው የወፈረው።»

«ታዲያ ብብቱን ፈታ ማድረግ ነበረበት።»

«በኩምቢው እንዴት መርፌ ይይዛል?»

እንዲህ እየተከራከሩ ደረጃውን ወረዱ። ደስታዬ ልክ አጣ። ግርጌው ላይ ልጅቱ ቆመች።

«አባባ፣ ዝሆኑ እያወቀ ነው አይደል የሚወድቀው? ግልገሏ እንዳታለቅስ?»

ነርሷና እኔ ተያየን። ልጅ ላዩን አይቶ ይስቃል ያለችው ራሷ ነርሷ ነበረች።

«እንዴት አወቅሽ?» አሉ ጋሽ ልክ።

«አንተም እማዬ ስትደውል ትስቃለህ። ስልኩ ሲዘጋ ግን ዝም ትላለህ።»

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው አቀፏት። «ሆድ ይፍጀው ብዬ ነው ልጄ። በጣም ናፍቃኛለች።»

«እኔንም ናፍቃኛለች» አለች ልጅቱ፣ ፊቷን ደረታቸው ውስጥ ቀብራ። «ባለፈው ቅዳሜም ይሄንኑ ነበር ያየሁት። ብቻዬን አልገባም ያልኩት አንተ እንድታየው ብዬ ነው።»

ጋሽ ልክ ወደ ነርሷ ዞሩ። «ረትተሽኛል ልጄ። ግን አንቺም ተረትተሻል። እጥፋቱን አስቀድማ የፈታችው እሷ ናት።»

«በዚህ መረታት ደስ ይለኛል» አለች ነርሷ።

እናንተም አግዳሚው ላይ የምታንቀላፉ ወላጆች ሆይ፣ ተነሡና ግቡ። አብረው የሳቁበት ነገር የጋራ ወሬ ይሆናል። በቀጥታ ለመናገር የሚከብደውንም በዝሆን አሳብበው ይነጋገሩበታል፤ ልጅም አዋቂም። አልሰማም ያለ ግን ይጠንቀቅ፤ ጋሽ ልክ ከእንግዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ አግዳሚ ላይ የሚያንቀላፋውን ሁሉ በሜትራቸው እየቀሰቀሱ ሊያስገቡ ምለዋል። ስንለያይ አያትና የልጅ ልጅ ገና ስለ ኮቱ አልተስማሙም ነበር፤ ድምፃቸው እስከ ማዶው መንገድ ይሰማ ነበር።