የማሪት ምርመራና የአጎት ኢንግቫር በረዶ

በየካቲት ወር ወደ ደሴቲቱ ጀልባ የለም። ሐይቁ እንደ ቅቤ ይረጋና እንደ ድንጋይ ይጠጥራል፤ ሰዉም በዓል ያለፈባቸውን የገና ዛፎች በረዶው ላይ በረድፍ ተክሎ በመሃላቸው መኪና ይነዳል። ጉም ሲወርድ ግን ዛፎቹ ከሥራቸው ተነቅለው የሚንሳፈፉ ይመስላሉ፤ ሰማዩ የት አልቆ ሐይቁ የት እንደሚጀምር አይለይም።

ማሪት በዚህ ጉም ውስጥ መኪናዋን እያዘገመች ማዶ ወዳለው ክሊኒክ ስትሄድ፣ ከዛፎቹ ሥር ተንበርክኮ የሚጸልይ የሚመስል ሰው ብቅ አለባት። ጸሎት አልነበረም። ጎረቤቷ አጎት ኢንግቫር በረዶውን በመሰርሰሪያ ይበሱ ነበር።

«አዲስ ስንጥቅ አለ» አሉና እጃቸውን አነሡ። «የበረዶውን ውፍረት ሳልለካ አላሳልፍሽም። ወርደሽ አጫውቺኝ።»

ማሪት የደሴቲቱ መምህርትና የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። የጥርስ ብሩሽ እንኳ የቀደሙ ገዢዎችን አስተያየት ሁሉ ሳታነብ አትገዛም። በማዶው ከተማ የፅንስ ፎቶ ከነፍሬሙ የሚሸጥ ሱቅ ስላለ፣ ያልተወለደው ልጇ አጎት ኢንግቫር በዕድሜያቸው ሙሉ ከተነሡት የበለጠ ፎቶ አለው። የፅንስ ልብ ማዳመጫም ከቦርሳዋ አይጠፋም፤ ሆዷ ላይ አድርጋ ታዳምጣለች፣ ድምፁ ቶሎ ካልተገኘ ታለቅሳለች። ዛሬ የሚጠብቋት ሁለት ነገሮች ነበሩ፦ አንዱ አልትራሳውንድ፣ ሌላው፣ እሺ ካለች፣ ፅንሱ ሲፈጠር የመጣ ጉድለት እንዳለበት ለማወቅ ከማህፀን ውሃ የሚቀዳ መርፌ። ሐኪሟ የደሟ ውጤት ጥሩ ስለሆነ መርፌው ግድ እንዳልሆነ፣ አልፎ አልፎም ፅንስ እንደሚያስወርድ ነግራት፣ «ምርጫው ያንቺ ነው» ብላታለች። ይህ ቃል ነው እንቅልፍ የነሣት።

«ክሊኒክ ነው የምትሄጂው? ታመምሽ እንዴ?» አሉ አጎት ኢንግቫር።

«ደህና ነኝ። ለምርመራ ነው።»

«ደህና ከሆንሽ ምኑን ነው የሚመረምሩት? ባለቤቴ ሦስት ስትወልድ ሐኪም ያያት አንዴ ነው። እሱም ጥርሷን።»

«እርስዎስ አጎቴ፣ ደህና በረዶ ለምን ይበሳሉ?»

«ደህና መሆኑን በምን ልወቅ?» አሉና እጃቸው መሰርሰሪያው ላይ ቀረ።

ማሪት ሳቋን ዋጠች። «አያትዎስ ይበሱ ነበር?»

«እሳቸው በዓይናቸው ነበር የሚያምኑት» አሉና በአገጫቸው ወደ ታች ጠቆሙ። «ከነፈረሳቸው እዚያ ናቸው።»

ሽማግሌው በገዛ እጃቸው በበሱት ጉድጓድ መግባታቸው ነው። የተማረ ሰው ግን ክርክር ሲረታ ማቆሚያውን አያውቅም፤ ማሪትም አላወቀችም።

«እንግዲያው ሁሉንም ልመርመር። መርፌውንም ጭምር» አለችና ምንነቱን አስረዳቻቸው።

አጎት ኢንግቫር ባልዲያቸውን ገልብጠው ተቀመጡበት። ጉሙ ጢማቸው ላይ ነጭ ሆኖ ቀርቷል።

«ከዛፎቹ ውጭ ያለውን ያንን ባዶ ሜዳ ለምን የማልበሳው ይመስልሻል?»

«ማንም አይነዳበትም።»

«እዚህ መንገዱን ላይ በላይ ብበሳውስ?»

«መንገዱን ራሱን ያሳሱታል።»

«ታዲያ መርፌው መጥፎ ቢነግርሽ ምን ታደርጊያለሽ?»

ከሩቅ በረዶው አጓራ፤ ቀን ሲሞቀው እንዲህ ያደርጋል። ማሪት እጇን ሆዷ ላይ አሳረፈች።

«ምንም። ከባሌ ጋር ተነጋግረናል። እንደመጣ እንቀበለዋለን።»

«እንግዲህ መንገድሽ በዚያ አያልፍም።»

«የሌላ ሴት ግን ሊያልፍ ይችላል።»

«የእሷን እሷ ታስበሳው» አሉና፣ ድል የቀመሱ መስሏቸው አከሉ፦ «አልትራሳውንዱም ይቅርና ወደ ቤትሽ ተመለሺ።»

«እሱስ አይቀርም። የእንግዴ ልጁ የማህፀኑን በር ዘግቶ ከሆነ ከሰባት ወር ወዲያ ድንገት ልደማ እችላለሁ። ያኔ ደግሞ ሚያዝያ ነው።»

አጎት ኢንግቫር ከባልዲው ተነሡ። በሚያዝያ በረዶው መኪና አይሸከምም፣ ጀልባም አያሳልፍም፤ ደሴቲቱ ለብቻዋ ትቀራለች።

«አስቀድሜ ካወቅሁ ግን በረዶው ሳይፈርስ ማዶ ቤት እይዛለሁ። የደም ግፊቱም፣ ስኳሩም እንዲሁ ነው፤ ከታወቁ የሚደረግ ነገር አላቸው።»

«እኔ ሁሉም ያው መስሎኝ ነበር» አሉ ቀስ ብለው።

«እኔም።»

መለኪያውን ከጉድጓዱ አወጡና አዩት። «ይሸከማል። ከከዳሽ ቶሎ እንድትወጪ ቀበቶሽን ፍቺ፣ መስኮትሽን ክፈቺ፣ ዝግ ብለሽ ንጂ። ሂጂ ተመርመሪ።»

ከሰዓት በኋላ ስትመለስ ጉሙ እየሳሳ፣ ዛፎቹም አንድ በአንድ ወደ ሐይቁ እየወረዱ ነበር። መርፌውን አልፈልግም ብላለች። የእንግዴ ልጁ ግን ዝቅ ብሎ ተገኘ፤ ማህፀኑ ሲያድግ አብዛኛውን ጊዜ ከፍ ይላል አሏት፣ መጋቢት ሳያልቅ እንደገና ይታያል። ትናንት ቢሆን ስታለቅስ ትውል ነበር። ዛሬ ግን ፍርሃቷ ቀን ተቆርጦለታል፣ ሥራም ተሰጥቶታል። ለነፍሰ ጡር የሚጠቅመው ምርመራ ይኸው ነው፦ መልሱ ሲመጣ የምታደርገው ነገር ያለው። ሌላው ፍሬም ውስጥ የሚሰቀል ነው።

«ለሁለተኛው እኔ ራሴ ነኝ የማሻግርሽ» አሉ እዚያው በረዶው ላይ የቆዩት አጎት ኢንግቫር ነገሩን ሲሰሙ። «ከፊትሽ እየበሳሁ።»

ማሪት የልብ ማዳመጫውን ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠቻቸው። «ይውሰዱልኝ። ልጁ አሁን ይራገጣል፤ መራገጡ ከቀነሰብኝ ለአዋላጇ እደውላለሁ።»

ሽማግሌው ተንበርክከው መሣሪያውን በረዶው ላይ አደረጉና ጆሯቸውን አስጠጉ። ከሥር፣ ላም በሕልሟ የምታሰማው የሚመስል ረጅም ድምፅ መጣ። ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ምን ይላል?»

«ያንጎራጉራል። ደስ ይላል።»

«መኪና ያሳልፋል ወይ?»

«እሱን እንኳ አይናገርም» አሉና መሣሪያውን ኪሳቸው ከተው መሰርሰሪያቸውን አነሡ።